አፑ «ጥቁሯ መበለት ናት» አለኝ፤ ልመነው?

ጥያቄ፦ «ለገጣፎ አዲስ ቤት ከገባን አምስት ወር ሆነን። ዙሪያችን ገና እርሻና ባዶ ቦታ ነው። ቤታችን ሦስት ዓይነት ትንንሽ ሸረሪት አየሁ። አንዷ መስኮት ላይ እየዘለለች ዝንብ የምታድን፣ አንዷ ኮርኒስ ጥግ ተንጠልጥላ የምትውል እግረ ቀጭን፣ ሦስተኛዋ ደግሞ ከሮቶው ማቆሚያ ስር ያለች ቡናማ፣ ሆዷ ድብልብል ያለ። በስልኬ አንስቼ አፕ ላይ ስጭናት ሦስተኛዋን ‹ጥቁሯ መበለት› የምትባለው መርዛማ ሸረሪት ናት አለኝ። ሌላ አፕ ሌላ ስም ሰጠኝ። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት የሦስት ዓመት ልጄ አንገት ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጣ፤ አማቴ ‹ሸረሪት ሸንታበት ነው› አሉ። ፎቶዎቹን ልኬያለሁ። ዝርያቸው ምንድን ነው? ደህና ካሜራ ልግዛ? ወይስ ቤቱን ፍሊት ነፍቼ ልገላገል?»

ምላሽ፦ ካሜራ አትግዛ። ፍሊቱንም አቆየው። ከላክሃቸው ሦስት ፎቶዎች የሁለቱን ሸረሪቶች ማንነት እስከሚያስፈልግህ ድረስ መናገር እችላለሁ። ሦስተኛዋን ግን አልችልም፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ማወቅ የሚያስፈልግህ እሷን ነው። ችግሩ ፎቶው ስለደበዘዘ ብቻ አይደለም። የተነሳው ጎኗ የተሳሳተ ነው። እሱን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ግን «ዝርያቸው ምንድን ነው» የሚለውን እናስተካክል። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የሸረሪት ዝርያዎች ከ50,000 በላይ ናቸው። ስዊዘርላንድ በርን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የያዘው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ ይህን ቁጥር ያለፈው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ገና ያልተገለጹት ደግሞ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ አንዱ ከሌላው የሚለየው በቀለም አይደለም፤ በመራቢያ አካል ቅርጽ ነው። የወንዱ ከአፉ አጠገብ ባሉት አጫጭር እጅ መሰል ነገሮች ጫፍ ላይ ነው፣ የሴቷ ሆዷ ስር። ሁለቱም በማይክሮስኮፕ ነው የሚታዩት። ያልጎለመሰች ሸረሪት ከሆነች ደግሞ አካሉ ገና አልተሠራም፤ ስለዚህ ባለሙያም በእጁ ይዟት ዝርያዋን ላይናገር ይችላል። ቤት ውስጥ ከምታያቸው ትንንሾች ብዙዎቹ ደግሞ ገና ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከፎቶ ጠብቅ የምልህ አስተኔዋን ነው፣ ማለትም የዘመድ ቡድኗን፤ ዕድለኛ ከሆንክ ከዚያ ጠበብ የሚለውን ወገኗን። ይሄ ያንሳል እንዳትለኝ። ዘላይ ናት፣ እግረ ቀጭን ናት፣ ተኩላ ሸረሪት ናት ማለት ከቻልክ ምን እንደምትበላ፣ የት እንደምትውል፣ ልጅህን ታስፈራ እንደሆነ ታውቃለህ። ሙሉውን የላቲን ስም የሚፈልገው እንደኔ ያለ ሥራ ፈት ነው።

አፖቹ ለምን ተጣሉ? ፎቶ የሚያነጻጽር አፕ ሸረሪቷን አያውቃትም። የሚያውቀው ሰዎች የጫኑትን ፎቶ ነው። አይናቹራሊስትን የመሰሉ፣ ሰዎች ያዩትን እንስሳና ዕፅ የሚለጥፉባቸው አፖች ላይ የተጫነው ፎቶ ደግሞ የሚበዛው ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ የእኛ አገር ሸረሪት ጥቂት ነው ያለው። ጉግል ሌንስ ደግሞ መልክ የሚመስል ምስል ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ ኢንተርኔት ላይ ደግሞ በብዛት የሚለጠፈው አስፈሪው ነው። ድብልብል ሆድ ያላት ጠቆር ያለች ሸረሪት ስታሳየው «ጥቁሯ መበለት» ቢልህ አይግረምህ። አፑን አትጠቀም ማለቴ አይደለም፤ እኔም እጠቀማለሁ። የሚሰጥህን የመጀመሪያ ስም ተወውና ከላይ ያለውን ሰፊ ቡድን ብቻ ውሰድ፣ ከዚያ ራስህ አረጋግጥ። አይናቹራሊስት ላይ ከጫንክ ደግሞ ቦታውንና ቀኑን በትክክል ሙላ፤ ከማሽኑ ግምት ይልቅ ሰዎች ገብተው የሚሰጡህ አስተያየት ይሻላል።

የምታረጋግጠው በምን መሰለህ? በዓይኗ፣ በድሯና በሆዷ ስር። አብዛኛዎቹ ሸረሪቶች 8 ዓይን አላቸው፤ 6 ብቻ ያላቸውም አሉ። አደራደሩ ነው የዘመድ ቡድኗን የሚያጋልጠው። ከፊት ሁለት ትልልቅ እንደ ፓውዛ የተደቀኑ ከሆኑ ዘላይ ናት፣ አለቀ። ከታች አራት ትንንሽ በአንድ ረድፍ፣ ከላያቸው ሁለት ትልልቅ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት መካከለኛ ከሆኑ ተኩላ ሸረሪት ናት፤ ማታ ግቢ ውስጥ ባትሪ ግንባርህ አጠገብ ይዘህ ሣሩን ብትቃኝ ዓይኗ ያበራልሃል። ሰው ግን ምን ያነሳል? ጀርባ። ሁልጊዜ ጀርባ! ጀርባ ላይ ያለው ቀለምና ነጠብጣብ ደግሞ እዚያው አንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለያያል።

አሁን ወደ ስልክህ። ትንሽ ነገር ስናነሳ ሁላችንም የምንሠራው ስህተት መጠጋት ነው። የስልክ ዋና ካሜራ በአብዛኛው ከ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ በታች ሲጠጋ ፎከስ አያደርግም። ስትጠጋ ሸረሪቷ ትደበዝዛለች፣ ከኋላዋ ያለው የግድግዳ ቀለም ግን ቁልጭ ብሎ ይወጣል፤ የላክኸው የመስኮቷ ፎቶ እንደሱ ነው። ወደ ኋላ በል፣ ሸረሪቷ ላይ በጣትህ ንካና ፎከሱ እስኪቆለፍ ያዝ፣ አንሳ፣ ከዚያ ቆርጠህ አሳድገው። ዙሙን አትንካ። ርካሽ ስልኮች ላይ «ማክሮ» ተብላ የምትለጠፈዋን የ2 ሜጋፒክስል ካሜራም እርሳት፣ ለጌጥ ናት። ገንዘብ ማውጣት ከፈለግክ የስልክ ዕቃ የሚሸጡበት ሄደህ ስልክ ላይ እንደ ልብስ መቆንጠጫ የምትቆነጠጠውን የማክሮ ሌንስ ግዛ። እሷም ካልተገኘች ከተበላሸ ዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ የምትወጣው ሚጢጢ ሌንስ በፕላስተር ካሜራው ላይ ብትለጠፍ የሚገርም ሥራ ትሠራለች። እኔ ተማሪ ሆኜ ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ በሷ ናቸው። በእንዲህ ያለ ሌንስ ግን እንደገና መጠጋት አለብህ፣ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ድረስ፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ ክርንህን የሆነ ነገር ላይ አስደግፍ። አንድ ሳይሆን ሃያ ፎቶ አንሳ። አሥራ ዘጠኙ ይጣላል።

ብርሃን ከካሜራው ይበልጣል። የስልኩን ፍላሽ አጥፋ። የሸረሪት ሰውነት ያብለጨልጫል፣ ፍላሹ ሆዷ ላይ ነጭ እድፍ ይሠራና ማየት የሚገባህን ይሸፍነዋል። ጠዋት በመስኮት የሚገባ ብርሃን ከሁሉም ይሻላል። ማታ ከሆነ የሌላ ሰው ስልክ ባትሪ በጎን አብራና ፊቱን በአንድ ንጣይ ሶፍት ሸፍነው፣ ብርሃኑ ይለሰልሳል። መብራት ሲሄድ እንኳ ይሠራል፤ የእኛ ሰፈር በዚህ ልምድ ያለው ነው።

የምትሮጠዋን እንዴት ታነሳለህ? ብርጭቆ ድፋባት፣ ከስር ወረቀት አንሸራት፣ ጨረስክ። ንጹሕ ብርጭቆ ካለ ከስሩ ሆነህ ሆዷን ማንሳት ትችላለህ፤ ለዚህ ነው ከፕላስቲክ ዕቃ ብርጭቆ የሚሻለው። ከሃይላንድ ጠርሙስ ቆርጠህ ከሠራኸው ጎኑ ስለሚወለጋገድ ምስሉን ያበላሸዋል። አልቆምም ካለች ብርጭቆውን ከነክዳኑ ፍሪጅ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አስቀምጣት፤ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም። ትቀዘቅዝና ለጥቂት ደቂቃ ዝም ትልልሃለች፣ ሲሞቃት መንገዷን ትቀጥላለች። አጠገቧ ማስመሪያ አድርግ። የምንለካው ሰውነቷን ብቻ ነው፣ እግሯን አንቆጥርም። ሰው «መዳፌን ታህላለች» ብሎኝ ስትመጣ 9 ሚሊ ሜትር የሆነች ስንት ጊዜ አጋጥሞኛል። ፎቶ ላይ ልክ ከሌለ እኔም እንደሰውየው ነው የምገምተው።

ስታድን ወይም ድሯ ላይ ሳለች ሳታስነሳት የምታነሳት አንድ ፎቶ ደግሞ ብርጭቆ ውስጥ ከምታነሳቸው አሥር ይበልጣል። ድሩን አብረህ አንሳ። ክብ የጎማ ቅርጽ ያለው፣ የተዝረከረከ፣ እንደ አንሶላ የተዘረጋ፣ ወይም ጭራሽ የሌለ መሆኑ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል። ድሩ ካልታየህ በውሃ መርጫ ጭጋግ አድርገህ እርጨው፣ ጠብታው ክሩን ያወጣዋል።

አሁን የአንተ ሦስቱ። የመስኮቷ ዘላይ ናት። ፎቶው ደብዛዛ ቢሆንም አቀማመጧና ካሜራውን ዞራ ማየቷ ይበቃኛል። ይሄ አስተኔ ከሸረሪቶች ሁሉ ትልቁ ነው፣ ከ6,000 በላይ ዝርያ አለው። ድር ሠርታ አትጠብቅም፣ አይታ ነው የምትዘለው፤ ስትዘል ግን ብትወድቅ የምትንጠለጠልበት ክር ከኋላዋ ትተዋለች። ፎቶ ማንሳት ለሚለማመድ ሰው ከሷ የተሻለ የለም፤ ጣትህን ስታንቀሳቅስ ፊቷን ታዞርልሃለች። ልጅህን ጠርተህ አሳየው። የመስኮትህን ዝንብ በነጻ የምትጠብቅ ናት፣ እባክህ ተዋት።

የኮርኒሷ እግረ ቀጭን የምትባለው ቡድን ናት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ በእስክሪብቶ ጫፍ ድሯን ነካ አድርግ። እንደተለኮሰች ሞተር መላ ሰውነቷን ማወዛወዝ ከጀመረች እሷው ናት። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስትዞር ካየሃት ደግሞ ጥርጥር የለውም። «መርዟ ከሁሉም የከፋ ነው፣ ጥርሷ ስለማይደርስ ነው የማትገድለን» የሚል ወሬ በየቦታው ይዞራል። ውሸት ነው። ጉዳቷ አቧራ የሚይዝ ድር ማብዛቷ ብቻ ነው። ሌሎች ሸረሪቶችን፣ የመበለት ዘመዶችን ጭምር፣ ጠልፋ ትበላለች። ቤት ስትጠርግ ድሩን በመጥረጊያ አንሳው፣ እሷ ሌላ ጥግ ትፈልጋለች።

ወደ ሮቶው እንምጣ። ሆዷን ለማንሳት ብለህ ስልክህን ከስር አስገብተህ ወደ ላይ አንስተሃል። አስተሳሰቡ ትክክል ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ የተዝረከረከ ድር የሚሠሩት ሸረሪቶች ተገልብጠው ነው የሚንጠለጠሉት። ሆዳቸው ወደ ሰማይ፣ ጀርባቸው ወደ መሬት ነው። ስለዚህ ያነሳኸው ጀርባዋን ነው። የሚያስፈልገኝ ከላይ ወይም ከጎን ወደ ታች የተነሳ ነው። ቀን ጥጓ ውስጥ ተሸጉጣ ስለምትውል አትገኝም፤ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘህ ሂድ፣ ድሯ መሃል ወጥታ ታገኛታለህ። እጅህን ግን እንዳትሰድ። ስልክህን ብቻ።

የምትፈልገው ምልክት ሆዷ ስር ያለ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነገር ነው፤ እንደ ሙቀጫ መሃሉ የቀጠነ ቅርጽ፣ ሁለት ሦስት ማዕዘን ጫፍ ለጫፍ የተነካኩ የሚመስል። እሱ ካለ የመበለት ወገን ናት። ያ ማለት ግን አፑ ያለህ የአሜሪካዋ ጥቁሯ መበለት ናት ማለት አይደለም። በአፍሪካ በሰፊው የምትገኘው ቡናማዋ ናት፤ እግሯ ላይ ጠቆር ያሉ ቀለበቶች ያሏት፣ ጀርባዋ ዥንጉርጉር፣ የሴቷ ሰውነት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ። የሳይንስ ስም ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ ዛሬ ከሰው ዕቃ ጋር ተጉዛ ብዙ አህጉር ላይ ትኖራለች። እንቁላሏን የምታስቀምጥበት ኳስ ከራሷ ይልቅ ያጋልጣታል። ክሬም ቀለም አለው፣ ዙሪያውን ደግሞ እንደ አስተናግር ፍሬ እሾህ አውጥቷል። እንዲህ ያለ ኳስ ካየህ ሸረሪቷን ባታገኛት እንኳ ማንነቷን አወቅህ። ኳሱ ለስላሳ ከሆነ ግን «ተረፍኩ» አትበል፤ ሌሎቹ መበለቶች ኳሳቸው ለስላሳ ነው። ያኔ የሆዷ ምልክት ይወስናል። ምልክቱም እሾሁም ከሌለ መበለት የምትመስል ግን ያልሆነች ዘመድ ልትሆን ትችላለች፤ እነሱም ተመሳሳይ ቦታ ይወዳሉ።

ቡናማዋ ሆና ብትገኝ ምን ይደረጋል? አትደንግጥ፣ ግን አትናቃት። ወደ ሰው አትመጣም፤ የምትነክሰው ስትጨፈለቅ ነው፣ ለምሳሌ ሳታያት ሮቶውን ለማንቀሳቀስ እጅህን ከስር ስትሰድ። ንክሻዋ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ያማል፣ ቆዳውም ቀይ ይሆናል። ላብ፣ የጡንቻ መኮማተር ወይም የሆድ ቁርጠት ከመጣ፣ ወይም የተነከሰው ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ቦታውን በውሃና በሳሙና ታጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር አድርግ። መብጣት፣ መምጠጥ፣ በገመድ ማሰር የለም።

የልጅህ አንገት። አማትህን አክብረህ ስማቸው፣ ልምድ አላቸው፤ በዚህ ግን አልስማማም። ሸረሪት ቆዳ የሚያቃጥል ሽንት የላትም። የምትጥለው ነጭ ጠብታ ግድግዳ ያቆሽሻል እንጂ አያቆስልም። ደም ስለማትጠጣም አልጋ ውስጥ የምትፈልገው ነገር የለም። «የሸረሪት ሽንት» ተብሎ የሚመጣ ቁስል ሌላ ምክንያት አለው። በምሥራቅ አፍሪካ የታወቀ ፔደረስ የሚባል ጥንዚዛ አለ፤ ቀጭን፣ ጉንዳን የሚመስል፣ ጥቁርና ብርቱካናማ። ማታ በመብራት ይሳባል። አይነክስም፣ ግን ቆዳ ላይ ሲጨፈለቅ ፔደሪን የሚባል መርዝ ይለቃል፤ ከ12 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ቆዳው ቀልቶ ውሃ ይቋጥራል፣ ብዙ ጊዜ እንደ ተጎተተ መስመር ሆኖ። እንደ ቀበቶ በአንድ ጎን ብቻ የወጣ ከሆነ ደግሞ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመውም ቶሎ ሲጀመር ነው። በረድፍ የወጡ የሚያሳክኩ ከሆኑ ትኋንና ቁንጫ አለልህ። የትኛው እንደሆነ ከፎቶ አልፈርድም። ልጁን ለሐኪም አሳየው፣ እስከዚያው ምንም ቅጠል አትቀባው። ሸረሪት ይዘህ መሄድ አያስፈልግም፣ ነክሳው ካየሃት በቀር።

ፍሊቱን የማልደግፈው ሸረሪት ስለምወድ ብቻ አይደለም፤ እወዳለሁ፣ አልክድም። ፍሊት ሸረሪት ላይ በቀጥታ ካልደረሰ ብዙም አይሠራባትም፤ ክፍል ውስጥ የሚቀረው መርዝ ግን የሚያርፈው ወለል ላይ የሚጫወት፣ እጁን አፉ የሚከት ልጅ ላይ ነው። ነፍተህ ብትገላገል እንኳ እርሻ አጠገብ ነህ፣ በሳምንቱ ሌሎች ይገባሉ። ሸረሪት የምትመጣው ምግቧ ስላለ ነው። ከበሩ በላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራውን ነጭ አምፖል አጥፋው ወይም በቢጫ ቀይረው፤ የሚሳበው ነፍሳት ሲቀንስ ሸረሪቱም ጥንዚዛውም ይቀንሳል። ከግንባታ የተረፈ ብሎኬትና ጣውላ ግድግዳ ተደግፎ ከተቀመጠ አርቀው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ሮቶው ጋ ሂድና ሁለት ፎቶ አንሳልኝ፤ አንዱ ከላይ ወደ ታች ሆዷን፣ ሌላው በአካባቢዋ ያለውን እንቁላል። ጥግ ጥጉን፣ የቆጣሪ ሳጥኑን ስርና የውጭ ወንበሮቹን ስር አብረህ ፈትሽ። እሾሃማ ኳስ ካገኘህ መጀመሪያ ፎቶ አንሳው፣ ከዚያ ወፍራም ጓንት አድርገህ በእንጨት አውርደህ ደፍጥጠው፣ እሷንም አብረህ። ቤት ውስጥ ያሉትን ሁለቱን ግን አትንካ። የሮቶዋን ብትገድላት ደግሞ ሬሳዋን አትጣለው፤ ፋርማሲ በሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ክተትልኝ። አረቄ አይሆንም፤ አንድ ሰው በካቲካላ አምጥቶልኝ ነበር፣ የደረሰኝ ሽታው ብቻ ነው። ቀኑንና ቦታውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈህ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ጨምር፣ በእርሳስ ግን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይጠፋል።